ከፍሎ መታሰር

ሰው ለመፈታት ሲከፍል አውቃለሁ። ዋስ የሚጠራው፣ ጠበቃ የሚያቆመው፣ ለዘበኛው የሲጋራ ብሎ እጁ ላይ ጣል የሚያደርገው ሁሉ የሚከፍለው ለመውጣት ነው። ለመታሰር ከፍሎ የሚሰለፍ ሕዝብ ያየሁት ለንደን ነው። ያውም ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሳምንታት በፊት ቦታ አስይዞ፣ በነፍስ ወከፍ ከሠላሳ ፓውንድ በላይ ቆጥሮ! ነገርየው ኤስኬፕ ሩም ይባላል። ክፍል ውስጥ ይቆለፍባችኋል፤ ያለው ጊዜ ስድሳ ደቂቃ ነው፤ ፍንጭ ፈልጋችሁ፣ እንቆቅልሽ ፈትታችሁ፣ ጓጉንቸር በጓጉንቸር ላይ ከፍታችሁ ትወጣላችሁ። ጃፓኖች ናቸው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2007 ታካዎ ካቶ የሚባል ሰው ኪዮቶ ላይ፣ በኮምፒውተር ይጫወቱት የነበረውን ከክፍል የማምለጥ ጨዋታ እውነተኛ ክፍል ውስጥ አስገባው። በ2011 ቡዳፔስት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፓን ማን ይያዘው!

እኛን እዚያ የወሰደችን ሜሮን ናት። ሜሮን የአጎቴ የጋሼ ታምራት ልጅ ናት፤ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ የእናቷን ወጥ ያህል የሚጣፍጥ፣ ግን እንደ ወጡ አልፎ አልፎ እሳት የሚያንሰው። ለአባቷ ሰባኛ ዓመት ልደት ምን ልስጥ ብላ ስታስብ፣ ጋሼ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዶክመንተሪ ሲያዩ ሻያቸው እንደሚቀዘቅዝ ትዝ አላት። በዚያው በጦርነቱ ዘመን አምሳያ የተሠራ ክፍል አስያዘች። ጋሼ፣ ሚስታቸው እትዬ አልማዝ፣ ሜሮን፣ የአክስቷ ልጅ ቢኒያምና እኔ ሆነን ሄድን።

ዘግይተን ነው የደረስነው። ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ እትዬ አልማዝ ደግሞ በረካው ሳይጠጣ ከቤት የሚወጣ ሰው አያውቁም። በዚህ ምክንያት ከስድሳው ደቂቃ ላይ አሥሩ ተቀነሰብን። ደቡብ ለንደን፣ በባቡር ድልድይ ሥር ያለ ቅስት ቤት ነው። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ጢም ገና አላበቀለም፤ በልብሱ ግን ሻምበል ነው። ፎርም አደለንና ፈርሙ አለን። ጠባብ ቦታ ያስጨንቃችኋል? ጨለማ ትፈራላችሁ? የልብ ሕመም አለባችሁ? ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ሜሮንዬ፣ የተከፈለው ለመግባት ነው ለመውጣት?»

«ለመግባት ነው፣ አባዬ።»

«መውጫውስ?»

«እሱ በራሳችን ነው።»

ጋሼ ታምራት በደርግ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከፍተኛ በሚባለው የቀበሌዎች የበላይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታስረው የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አይወራም። ሻምበሉ «ሃምሳ ደቂቃ አላችሁ» ሲለን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ፣ «ደግ ልጅ ነው፤ እኛን ሰዓቱን የነገረን አልነበረም» አሉኝ። ሜሮን ምን አልክ ብላ ዞረች። «ጎበዝ ልጅ ነው አልኩ» አሏት።

በሩ ተዘጋ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1940 ነው፤ እኛ ለንደን ምድር ሥር፣ ምሽግ ውስጥ ነን። የጀርመን ቦምብ ጣዮች እየመጡ ነው፤ የጠላትን መልእክት ፈትተን ለበላይ አካል ሳንደውል መውጣት የለም። ማስጠንቀቂያው ከድምፅ ማጉያው ሲጮህ እትዬ አልማዝ ሦስቴ አማተቡ። ለእውነተኛው ነገር ማማተብም የሚበቃ አልነበረም፤ ከመስከረም 7 ቀን 1940 ጀምሮ ለንደን 57 ሌሊት በተከታታይ ስትደበደብ ነው ያደረችው። ድብደባው እስከ ግንቦት 1941 ሲዘልቅ በመላው ብሪታኒያ ከ40 ሺህ በላይ ሲቪል ሞቷል። ክፍሉ ውስጥ ከዚህ የተረፈው የጭስ ሽታ ብቻ ነው፤ እሱም የሚረጭ ሽቶ መሆኑ ያስታውቃል።

ዕቃው ግን ያምራል። የአሸዋ ከረጢት፣ የጋዝ ጭንብል፣ ባለማዞሪያ ጥቁር ስልክ፣ የእንጨት ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት። ግድግዳው ላይ ደግሞ ያ ቀይ ፖስተር አለ፤ ተረጋጉና ሥራችሁን ቀጥሉ የሚለው፣ አሁን በየሲኒውና በየካናቴራው ላይ የምታዩት። በጦርነቱ ጊዜ ግን ያየው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ1939 ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል ቅጂ ከታተመ በኋላ ሳይለጠፍ መጋዘን ቀረ፤ አብዛኛውም ለወረቀት እጥረት ተመልሶ ተፈጨ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 አልንዊክ የምትባል ከተማ፣ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ከተገዛ መጽሐፍ ሣጥን ሥር ተገኘና እንዲህ ገነነ። የሚገርም ሕዝብ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ሳያየው ተረጋግቶ፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ለመረጋጋት ፖስተሩን ይገዛል።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ሰዓቱ ነበር። ሬዲዮውን ስንከፍተው ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን ሀገራቸው ከጀርመን ጋር ጦርነት ውስጥ መግባቷን ይናገራሉ፤ መስከረም 3 ቀን 1939 መሆኑ ነው። የግድግዳው ሰዓት ንግግሩ የተጀመረበት ደቂቃ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ያለው ሣጥን አራት ቁጥር የሚፈልግ ጓጉንቸር አለው። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ጋሼ ቀድመው ጓጉንቸሩን ያዙ፣ ሰዓቱን አንጋጠው አዩ፣ «አምስት ሰዓት ከሩብ» አሉና 0515 አዞሩ።

እምቢ አለ።

ጋሼ ለንደን ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰዓታቸው ግን እስካሁን ጥገኝነት አልጠየቀም። ትንሹ መርፌ 11 ላይ፣ ትልቁ 3 ላይ ቆሟል፤ ይህ በእሳቸው ዓይን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ደግመው 0515 አዞሩ። ጓጉንቸሩን ነቀነቁት። «የቻይና ነው» አሉ። ሜሮን መልሱን ታውቃለች፤ ቢኒያምም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ከሰባ ዓመት ሰው እጅ ጓጉንቸር መንጠቅ የሚቻለው የትኛው ቤት ያደገ ልጅ ነው? «ጋሼ፣ ምናልባት…» ይላል ቢኒያም። «ቆይ!» ይላሉ ጋሼ። ሦስታችንም እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቆምን። ደቂቃው ይነጉዳል። በመጨረሻ እትዬ አልማዝ ናቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በፈረንጅ አዙረውና እንገላገል!» ያሉት። 1115። ጠቅ አለ።

እዚህ ላይ ብንቀጥል ጥሩ ነበር። ጋሼ ግን ቀኑ ነክቷቸዋል። ጣሪያው ጥግ ላይ ወዳለችው ካሜራ ዞሩና፣ ሻምበሉ እንደሚሰማ ስለተነገራቸው፣ በእንግሊዝኛ ታሪክ ጀመሩ። «ልጄ፣ ይህን ጦርነት በመስከረም 1939 ተጀመረ ትላላችሁ። በእኛ ነሐሴ 28 ቀን 1931 ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ኢጣሊያ የገባችው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። አራት ዓመት ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት!» በዘገየው ቀጠሯችን ያፈርኩት ያን ጊዜ ቀለለኝ፤ ለካ ፈረንጅም ሲያረፍድ እንዲህ ያረፍዳል። ጋሼ ቀጠሉ። ንጉሡ ተሰደው እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሀውስ ተቀምጠው ሲጮኹ የሰማቸው እንዳልነበረ፣ ይልቁንም ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1938 ወረራውን እንዳጸደቀች፣ ሙሶሊኒ ሰኔ 10 ቀን 1940 በእነሱም ላይ ጦርነት ሲያውጅ ግን ኢትዮጵያ በድንገት ትዝ እንዳለቻቸው። «አዲስ አበባ ነፃ ስትወጣ፣ ሚያዝያ 27፣ እናንተ ገና ትደበደቡ ነበር!» ብለው ጨረሱ። እውነት ነው፤ በእነሱ ሜይ 5 ቀን 1941 መሆኑ ነው፤ ለንደን ላይ ታላቁ ድብደባ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ድምፅ ማጉያው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ጌታዬ ፍንጭ ፈልገው ነው?» አለ።

ፍንጭ መጠየቅ ይፈቀዳል። ጋሼ ግን ከዚያ ንግግር በኋላ ፍንጭ ሊጠይቁ? ሞተዋላ! «በእነሱ ፊት አንዋረድም» ተባለና ፍንጭ የሚባል ነገር ከቤተሰቡ ታገደ።

ሁለተኛውን ሣጥን የከፈቱት እትዬ አልማዝ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የራሽን ደብተር ነበረ። ብሪታኒያ ከጥር 1940 ጀምሮ ቅቤና ስኳር በደብተር ነበር የምታድለው፤ በዚያው ዓመት ሻይም ተጨመረ፣ ለአንድ ሰው በሳምንት ሁለት አውንስ፣ ማለት 57 ግራም ገደማ። ራሽኑ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1954 ነው፤ ጦርነቱን ካሸነፉ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ። ሜሮን ደብተሩን እንደ ሙዚየም ዕቃ በሁለት ጣቷ ይዛ የተጻፈውን ታነባለች። ቢኒያም በስልኩ መብራት የተደበቀ ጽሑፍ ይፈልግበታል። እትዬ አልማዝ ተቀበሉና አንድም ቃል ሳያነቡ ገጹን ገልብጠው ማኅተሙን አዩ። «የወሰዱበት ሳምንት ምልክት ይደረግበታል፤ ያልወሰዱበት ባዶ ነው» አሉ። «ስኳር አራት ጊዜ ወስደዋል፣ ቅቤ ሁለት፣ ሻይ ሰባት።» 427። ተከፈተ።

«እማዬ፣ እንዴት አወቅሽ?»

«የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ተሰልፌ አይደል እንዴ ያደግኩት? ካርዱ ላይ ምልክት ሳይደረግ ሳሙና ሁለቴ የወሰደች ጎረቤት ነበረችን።» ጎረቤቲቱ ማን እንደነበረች ሊነግሩን ሲሉ ጋሼ አቋረጧቸው። ያስቆጫል። እንግሊዞቹ ከአያቶቻቸው ጓዳ አውጥተው መስታወት ውስጥ ያስቀመጡት ደብተር፣ ለእትዬ አልማዝ የወጣትነት ወረቀታቸው ነው። በደስታም ይሁን በብስጭት፣ ከኪሳቸው ቆሎ አወጡና አደሉን። ድምፅ ማጉያው መብላት ክልክል መሆኑን አስታወሰ። «ራሽን ነው በለው» አሉ እትዬ አልማዝ።

ሦስተኛው ኢኒግማ ነበር፤ ጀርመኖች ምስጢር የሚጽፉበት መኪና፣ ፕላስቲክ አምሳያው። የቢኒያም ሥራ ኮምፒውተር ስለሆነ ተራው የእሱ ሆነ። የወታደሮቹ መኪና በ158,962,555,217,826,360,000 ዓይነት መንገድ ሊስተካከል ይችል እንደነበር ነገረን። ጋሼ ቁጥሩ ስንት ተብሎ እንደሚነበብ ጠየቁት፤ ሊነግራቸው አልቻለም። ግድግዳው ላይ የአላን ቱሪንግ ፎቶ ብቻውን ተሰቅሏል። ቱሪንግ ይገባዋል፤ ግን ጥቂት መስማር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ኢኒግማን በ1932 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበሩት ማሪያን ሬየቭስኪና ጓደኞቹ፣ ፖላንዳውያን የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁትንም ሁሉ ሀገራቸው ልትወረር ሳምንታት ሲቀሩ፣ በሐምሌ 1939፣ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አስረክበዋል። ብሌችሊ ፓርክ ሥራውን ያስፋፋው ከዚያ ተነስቶ ነው። እዚያ በኋላ ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሲሠራ፣ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ፤ ምስጢሩም እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ አልወጣም። ባልና ሚስት ሆነው እዚያ መሥራታቸውን ያልተነጋገሩ ነበሩ ሲል ቢኒያም፣ እትዬ አልማዝ «ባልና ሚስት? ይሄን ሁሉ ዓመት? አይደረግም!» ብለው ጋሼን በጥርጣሬ አዩአቸው።

መኪናው አንድ ነውር ነበረበት፤ ፊደልን ራሱን አድርጎ አይጽፍም። ኤ ሲመቱ ከኤ በቀር ሁሉም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ ውስጥ አለ ብላችሁ የምትገምቱትን ቃል ከምስጢሩ ሥር ታስቀምጣላችሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ያው ፊደል ከያው ፊደል ጋር ከገጠመ ቃሉ እዚያ አይደለም፤ ወደ ጎን ትገፉታላችሁ። የሚገመት ቃል ደግሞ ሞልቶ ነበር፤ ጀርመኖች የአየር ሁኔታ ዘገባ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቃል ይልኩ ነበርና። የዚያ ሁሉ ቁጥር መከራ በአየር ሁኔታ ተሰነጠቀ።

እትዬ አልማዝ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያ የእኛን ስልክ ቢጠልፉ በአንድ ቀን ይጨርሱን ነበራ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ትክክል ናቸው። የሐበሻን ስልክ የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ የማይገምት ሰላይ ደመወዙን ይመልስ። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ልጆች ደህና፣ እማማ ደህና፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ፣ ልጆች ደህና። የተደወለበት ጉዳይ በመጨረሻዋ ግማሽ ደቂቃ፣ «እና… ምን መሰለህ» ከተባለ በኋላ ነው የሚመጣው። የኢጣሊያ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የሚልከውን ምስጢር እንግሊዞች ኢትዮጵያን ነፃ ባወጣው ዘመቻ ያነቡ ነበር። አርበኞቻችን መልእክታቸውን በሰው እጅ መላካቸው በጃቸው።

ቃሉን አገኘን። ስልኩም ጠራና የበላይ አካል አመሰገነን፤ መውጫው ግን ይህ ክፍል ውስጥ ነው አለና ዘጋው። ሰባት ደቂቃ ይቀራል። ምንጣፍ ገለጥን፣ ከረጢት አነሳን፣ ጋዝ ጭንብሉን ገለበጥን። ከተቆለፈብን በር ሌላ ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ ጠባብ፣ መያዣው ላይ እንደ ሕዝብ ሽንት ቤት «ሰው አለ» የሚል ቀይ ምልክት ያለበት። ጋሼ ከመጀመሪያው አይተውት ነበር፤ እንዲያውም ተራቸውን ሲጠብቁ ነው የቆዩት። ሜሮን እጇን ልትሰድ ስትል እትዬ አልማዝ አስጣሏት። «ሰው አለ ይላል እኮ! ምን ዓይነት ብልግና ነው?» ማን ሊኖር ይችላል ብሎ የጠየቀ የለም። አምስት ሰዎች ባዶ ሽንት ቤት አክብረን፣ ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን፣ ግድግዳውን ስንዳብስ ሰዓቱ አለቀ።

ሻምበሉ በዚያው በቀይ ምልክቱ በር ነው ብቅ ያለው።

ይህን የፈጠሩት ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ኋይትሆል ሥር ባለው በቸርችል የጦር ክፍሎች ውስጥ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሩዝቬልት ጋር በስልክ የሚነጋገሩባት ጠባብ ክፍል ከውጭ የግል ሽንት ቤታቸው መስላ ነበር የምትታየው፤ በሯም ያንኑ ዓይነት መቆለፊያ ነበራት። ሠራተኛው ሁሉ፣ ሰውየው ብዙ ይቆያሉ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ አልፎ ይሄድ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ሄዳችሁ ብታዩት ከኤስኬፕ ሩሙ የበለጠ ታተርፋላችሁ። ይሉኝታ የጦር ምስጢር መጠበቂያ ሆኖ ሲያገለግል እዚያ ታያላችሁ። በእኛ ላይ የሠራው በቸርችል ሠራተኞችም ላይ ሠርቷል።

ተሸንፈንም ወጣን። የብረት ቆብ ደፍተን ፎቶ ተነሳን፤ «ጥቂት ቀረን» የሚል ሰሌዳ አስያዙን። ጨዋታው የሚጥመው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ያሸነፈም የተሸነፈም በአንድ በር ወጥቶ አንድ ዓይነት ለስላሳ ይጠጣል። በእውነተኛው ጦርነት፣ በመጋቢት 1944፣ ስታላግ ሉፍት 3 ከሚባለው የጀርመን የምርኮኞች ካምፕ 76 የአየር ኃይል ሰዎች በቆፈሩት ዋሻ አምልጠው ነበር። 73ቱ ተያዙ፤ 50ው ተረሸኑ፤ ለነፃነት የበቁት ሦስት ናቸው። እሱም ፊልም ሆኗል። ሰው በጦርነት የሚጫወተው ጦርነቱን ካሸነፈውና ጦርነቱም ካረጀለት ነው። ጋሼን በ1970 ዓ.ም. ከፍተኛ አምሳያ የተሠራ ክፍል ይግቡ ብላቸው፣ ሜሮን የከፈለችው አሥር እጥፍ ቢከፈላቸውም እንደማይገቡ አውቃለሁ። የእንግሊዞቹን አያቶች ጦርነት ግን በደስታ ይጫወቱታል፤ የሽንት ቤቱን በር እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ንግድ የምታስቡ ካላችሁ፣ የአምስቱን ዓመት የውስጥ አርበኞች ሥሩልን። እነ ሸዋረገድ ገድሌ አሉ፤ ከጠላት ሠፈር መሐል ሆነው ለአርበኛው ስንቅና መረጃ ሲያቀብሉ ተይዘው፣ ባሕር ተሻግረው አዚናራ ደሴት ድረስ የታሰሩ ናቸው። ታሪኩ ከማንም ምሽግ አያንስም። አደራ የምላችሁ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የግድግዳውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሙሉት፤ ለቡናውም ከስድሳው ደቂቃ የማይቀነስ ሩብ ሰዓት መድቡ።